ከጎሬ ጋምቤላ ስንት ሰዓት ነው?

ከአንድ ከተማ ወደ ሌላው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ብትጠይቁ ስልካችሁ ወዲያው ይመልስላችኋል። ስንት ሰዓት ይፈጃል ብላችሁ ስትጠይቁ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። በምን? በየትኛው ወር? ስንት ኩንታል ተጭኖ? ጎሬ ከተራራዋ ላይ አልተነሳችም፣ ጋምቤላም ከባሮ ዳር አልራቀችም። በመካከላቸው ያለው ጊዜ ግን በአንድ ምዕተ ዓመት ውስጥ ከስድስት ቀን ወደ ግማሽ ሰዓት ወርዷል። ደግሞ ግማሽ ሰዓት የሆነውም ሁልጊዜ አይደለም።

ይህ ጽሑፍ ስለ ሁለት ትንንሽ የአውሮፕላን ማረፊያዎች ነው። አንዱ የኢሉባቦር ደጋ ላይ ያለው የጎሬ፣ ሌላው ቆላው ላይ ያለው የጋምቤላ ነው። ሁለቱም በየዘመናቸው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የአገር ውስጥ መዳረሻዎች ነበሩ። በእነሱ በኩል ሁለት ነገር እናያለን፤ የበረራ ሰዓት እንዴት እንደሚሰላ፣ እና አውሮፕላን ለቡና አገር ምን እንዳመጣ። በነገራችን ላይ፣ እዚህ የምትመለከቷቸው ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ርቀቱን እንለካ

እስቲ ካርታ አውጡ። ጎሬና ጋምቤላ ሁለቱም በሰሜን ኬክሮስ 8.1 ዲግሪ አካባቢ ላይ ናቸው። ማለትም አንዱ ከሌላው በስተምዕራብ፣ ቀጥ ባለ መስመር ላይ ተቀምጧል ማለት ይቻላል። ልዩነታቸው በኬንትሮስ ነው፤ ጎሬ 35.55 ዲግሪ፣ ጋምቤላ 34.56 ዲግሪ ምሥራቅ። ስንቀንሰው 0.99 ይሆናል፤ በቃ አንድ ዲግሪ ነው እንበል።

አንድ የኬንትሮስ ዲግሪ በምድር ወገብ ላይ ወደ 111 ኪሎ ሜትር ነው። ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ በሄድን ቁጥር እየጠበበ ይሄዳል፤ ምክንያቱም የኬንትሮስ መስመሮች ሁሉ ዋልታ ላይ ይገናኛሉ። በ8 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ግን ጥበቱ ከመቶ አንድ እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ ከጎሬ ጋምቤላ በአየር 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ብለን እናስቀምጥ።

ከዚሁ ስሌት አንድ ደስ የሚል ነገር ይወጣል። ምድር በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ትዞራለች። ሲካፈል በሰዓት 15 ዲግሪ፣ ለአንድ ዲግሪ ደግሞ 4 ደቂቃ ይደርሳል። ስለዚህ ፀሐይ ጎሬ ላይ ከወጣች ከ4 ደቂቃ በኋላ ጋምቤላ ላይ ትወጣለች። ፀሐይ ከጎሬ ጋምቤላ መንገዷ 4 ደቂቃ ነው ማለት ነው። ይህን ቁጥር ያዙት፤ ከእሷ የፈጠነ መንገደኛ በዚህ መስመር ላይ አልታየም።

ሁለቱ ቦታዎች ቀጥ ባለ መስመር ላይ ካልሆኑስ? ያኔ ፓይታጎረስን መጥራት ነው። ጅማንና ጎሬን እንውሰድ። በኬክሮስ ልዩነታቸው 0.49 ዲግሪ፣ ማለትም ወደ 54 ኪሎ ሜትር ነው። በኬንትሮስ 1.27 ዲግሪ፣ ወደ 140 ኪሎ ሜትር። 54ን በራሱ፣ 140ን በራሱ አባዙና ደምሩ፣ ከዚያ ካሬ ሥሩን አውጡ፤ 150 ኪሎ ሜትር ይመጣል። በመኪና ግን ከጅማ በበደሌ፣ በያዮ፣ በመቱ አድርጋችሁ ጎሬ ስትደርሱ 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ትነዳላችሁ። ወደ እጥፍ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። መንገዱ ሸለቆ ሲገጥመው ይዞራል፣ ወንዝ ሲገጥመው ድልድይ የሚሆን ጥበት ይፈልጋል። ኢሉባቦር ደግሞ ሸለቆና ወንዝ የሚጎድለው አገር አይደለም፤ ጌባ፣ ሶር፣ ባሮ እያሉ ይቀጥላሉ።

ርቀት በቀን ሲቆጠር

የድሮ ሰው ኪሎ ሜትር አያውቅም ነበር። "የስንት ቀን መንገድ ነው?" ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱም "የአምስት ቀን" ወይም "የስድስት ቀን" ነው። ይሄ ኋላ ቀርነት እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም ለመንገደኛ የበለጠ የሚጠቅመው እሱ ነው፤ ዳገቱን፣ ጭቃውንና የወንዙን ሙላት ሁሉ አስገብቶ የሚናገር መለኪያ ነውና።

የተጫነች በቅሎ በቀን ከ25 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ብትሄድ ጎበዝ ናት። ከጎሬ በቡሬ በኩል ወርዶ ጋምቤላ የሚገባው የምድር መንገድ ደግሞ ወደ 150 ኪሎ ሜትር ነው። አካፍሉት፤ አምስት ወይም ስድስት ቀን። በዚህ መሀል መንገደኛው ከ2000 ሜትር ከፍታ ተነስቶ ወደ 500 ሜትር ይወርዳል። ከብርድና ከጉም ወጥቶ ሙቀትና ትንኝ ውስጥ ይገባል። በቆላው ደግሞ የቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈው የከብት በሽታ ስላለ በቅሎዋ በሰላም መመለሷም አያስተማምንም።

ታዲያ ይህን ሁሉ መከራ ለምን? ለቡና ነው። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ ከባሮ ዳር ከ400 ሄክታር ያልበለጠ ቦታ ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ እንዲሆን ተፈቀደ። ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ቆመ። ከካርቱም የሚነሱ የእንፋሎት ጀልባዎች በነጭ ዓባይና በሶባት አድርገው ባሮን ሽቅብ ወጥተው እዚያ ይደርሱ ጀመር። ጨውና ጨርቅ ያራግፋሉ፤ ቡና፣ ቆዳና ሰም ይጭናሉ። የኢሉባቦር ገዥ የራስ ተሰማ ናደው መቀመጫ የነበረችው ጎሬ በዚህ ንግድ ደረጀች። ግሪኩም፣ ሶርያዊውም፣ ሌላውም የውጭ ነጋዴ ሱቅ ከፈተባት።

አንድ ችግር ግን ነበር፤ የቀን መቁጠሪያ ችግር። ባሮ ትልልቅ ጀልባ የሚሸከመው ሲሞላ ነው፤ ማለትም ከሰኔ እስከ ጥቅምት ገደማ። የኢሉባቦር ቡና ደግሞ መለቀም የሚጀምረው ክረምቱ ሲያበቃ፣ ከመስከረምና ከጥቅምት ወዲህ ነው። ተለቅሞ፣ ደርቆ፣ ተፈልፍሎ ለገበያ ሲዘጋጅ ወንዙ ጎድሏል፣ ጀልባዎቹም ሄደዋል። ቡናው በበጋ በደረቅ መንገድ ጋምቤላ ይወርዳል፤ እዚያ ደርሶ ግን ሰኔን ይጠብቃል። በቅሎዋ በስድስት ቀን ያደረሰችው ቡና መጋዘን ውስጥ ወራት ይቀመጣል።

እንግዲህ ልብ በሉ። የዚያን ጊዜ ነጋዴ ያስጨነቀው የበቅሎዋ ፍጥነት አይደለም። በቅሎዋ በሁለት ቀን ብትደርስ እንኳ ጀልባው በየካቲት አይመጣም። የጎደለው ነገር ቡናው በደረሰበት ወቅት የሚከፈት መንገድ ነው።

አውሮፕላን መጣ፤ መጀመሪያ ግን ለጦርነት

ኢትዮጵያ ምድር ላይ የመጀመሪያው አውሮፕላን ያረፈው በነሐሴ 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ነው። ምዕራቡ አገር ግን አውሮፕላንን ይበልጥ ያወቀው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ነው።

በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ ሲሄዱ የአገሪቱ መንግሥት መቀመጫ ወደ ጎሬ ተዛወረ። ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴም ወደዚያው አቀኑ። ጣሊያኖች አዲስ አበባን ይዘዋል፤ ምዕራቡን ግን አልያዙም። ክረምቱ ደግሞ ገብቷል። እግረኛና ካሚዮን በዚያ ጭቃ የትም አይደርስም። ስለዚህ በአየር ለመቅደም አሰቡ። በሰኔ ወር ሦስት አውሮፕላኖች በነቀምት አጠገብ ቦናያ በሚባል ሜዳ ላይ አረፉ። በውስጣቸው ጄኔራል ማሊዮኮ የተባለ የአየር ኃይል አዛዥ ጭምር ነበረበት። የጥቁር አንበሳ ጦር አባላት፣ ብዙዎቹ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ወጣቶች፣ ሰኔ 20 ሌሊት ከበቧቸው። አውሮፕላኖቹ ተቃጠሉ፤ አዛዡን ጨምሮ አብዛኞቹ ጣሊያኖች ተገደሉ።

ከዚህ ታሪክ ለኛ ርዕስ የሚሆን አንድ ቁም ነገር አለ። አውሮፕላኑ አንድ ጦር በሳምንታት የማይጨርሰውን መንገድ በሁለት ሰዓት ጨረሰው። መሬት ከነካ በኋላ ግን ያው ሜዳ ላይ የቆመ ብረት ነው። ነዳጅ፣ ጥበቃ፣ መመለሻ መንገድ ሁሉ ማረፊያው ላይ መኖር አለበት። በረራ የሚባለው ነገር ግማሹ ምድር ላይ ነው።

ጣሊያኖች ምዕራቡን የያዙት ዝናቡ ካባራ በኋላ በምድር ጦር ነው፤ ጎሬም በኅዳር 1929 ዓ.ም. ተያዘች። ያኔም ወቅቱን የወሰነው ክረምት ነበር።

ዳኮታ ስንት በቅሎ ነው?

ነጻነት ከተመለሰ በኋላ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ተመሠረተ። ቲ.ደብሊው.ኤ ከሚባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር በተደረገ ስምምነት ነበር። የመጀመሪያው በረራ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በአስመራ አድርጎ ካይሮ ገባ። አውሮፕላኖቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ ሲ-47ዎች ነበሩ፤ ብዙ ሰው ዳኮታ ወይም ዲሲ-3 የሚላቸው ዓይነት። ውስጣቸው እንደ ወታደር ማጓጓዣ ነው፤ በግራና በቀኝ የሚታጠፍ አግዳሚ ወንበር አለ፣ መሀሉ ለዕቃ ክፍት ነው። ተሳፋሪና ጭነት አብሮ ይሄዳል። አዲስ አበባ ላይ የሚነሱትም ከልደታ ነበር፤ ቦሌ ገና አልተሠራም።

ይህ አውሮፕላን ለኛ አገር የተፈጠረ ይመስል ነበር። አስፋልት አይጠይቅም፤ ሣርና ጠጠር ላይ ያርፋል። ወደኋላ ያጋደለው ቁመናው ፕሮፔለሮቹን ከድንጋይ ያርቃቸዋል። ስለዚህ መንገድ ያልደረሰባቸው ብዙ ከተሞች ሜዳ ጠርገው የበረራ መዳረሻ ሆኑ። ከአገር ውስጥ የሚጫነው ትልቅ ጭነትም ቡና ነበር።

እስቲ እናስላ። አንድ ዲሲ-3 እንደ ሁኔታው ወደ 2700 ኪሎ ግራም ይጭናል። በ60 ኪሎ ጆንያ ስናካፍለው 45 ጆንያ ነው። አንዲት በቅሎ 90 ኪሎ ትሸከማለች ብንል ደግሞ 30 በቅሎ ይሆናል። ሠላሳ በቅሎ ከነነጂዎቻቸው፣ ከነቀለባቸው በስድስት ቀን የሚያደርሱትን እሱ በግማሽ ሰዓት ያደርሳል።

ትልቁ ነገር ግን ቅድም ያልነው የቀን መቁጠሪያ ነው። ጀልባው የክረምት ነበር። አውሮፕላኑ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የበጋ ነው፤ ሰማዩ ሲጠራ፣ ሜዳው ሲደርቅ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት። ቡናውም የሚደርሰው ያኔ ነው! ለመጀመሪያ ጊዜ የኢሉባቦር ቡና ራሱ በደረሰበት ወር የሚከፈት ፈጣን በር አገኘ። በሩም ወደ ምዕራብ ወደ ካርቱም ሳይሆን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚያወጣ ነበር። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ የጋምቤላ ጣቢያ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። የወንዙ ንግድም እየሳሳ ሄደ። ለዚህ ምክንያቱ አውሮፕላን ብቻ አይደለም፤ ወደ መሀል አገር የሚወስደው የመኪና መንገድ ድርሻው ትልቅ ነው። የቡናው ፊት ወደ ምሥራቅ መዞሩ ግን እርግጥ ነው።

ግማሽ ሰዓት የተባለው ከየት መጣ?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። ዲሲ-3 በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ይበራል እንበል። 110ን ለ250 ስናካፍል 0.44 ሰዓት፣ ማለትም 26 ደቂቃ ነው። ጨረስን? አልጨረስንም። አምስት ነገር ይቀረናል።

አንደኛው፣ መነሻና መድረሻ። አውሮፕላኑ እስከ ማኮብኮቢያው ጫፍ በዝግታ ይሄዳል፣ ሞተሩን ይሞክራል፣ ይነሳል። ሲደርስም ሜዳውን ዞሮ ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀብሎ ያርፋል። ይህ 10 ደቂቃ ያህል ይጨምራል፤ ርቀቱ 100 ይሁን 1000 ኪሎ ሜትር አይለወጥም። ስለዚህ አጭር በረራ ላይ ፈጣን አውሮፕላን ብዙም አያተርፍም። በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር የሚበር ቢመጣ 26ቷ ደቂቃ 13 ትሆናለች፤ 10ሯ ግን ትቀራለች። ፍጥነቱ እጥፍ ሆኖ ጠቅላላው ጊዜ ከ36 ወደ 23 ደቂቃ ብቻ ነው የወረደው።

ሁለተኛው፣ ዳገቱ። አዎ፣ አየር ላይም ዳገት አለ። ከጎሬ ወደ ጋምቤላ መሬቱ 1500 ሜትር ይወርዳል። የዚያ ዘመን አውሮፕላን ውስጡ በግፊት የታሸገ አልነበረም፤ ቶሎ ከወረደ የተሳፋሪው ጆሮ ይታመማል። በደቂቃ 150 ሜትር ቢወርድ 10 ደቂቃ ይፈልጋል፣ ይሄም በጉዞው መሀል የሚሆን ስለሆነ ብዙ ጊዜ አይወስድበትም። ከጋምቤላ ወደ ጎሬ ሲመለስ ግን ያን ሁሉ ከፍታ ጭነቱን ይዞ መውጣት አለበት፤ ከተራራው በላይ የሚበቃ ትርፍ ከፍታም ይጨምራል። ሽቅብ ሲወጣ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ርቀቱ ያው ነው፣ መመለሻው ግን ይረዝማል።

ሦስተኛው፣ ነፋስ። አውሮፕላን የሚበረው አየሩ ውስጥ ነው፤ አየሩ ራሱ ሲንቀሳቀስ ይዞት ይሄዳል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከኋላው ከሆነ 280 ይሆንለታል፣ 24 ደቂቃ ይበቃዋል። ከፊቱ ከሆነ 220 ብቻ ይሆናል፣ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል።

አራተኛው፣ የአየሩ መሳሳት። ከፍ ባልን ቁጥር አየር ይሳሳል፤ በሙቀትም ይሳሳል። ክንፍን ደግፎ የሚያነሳው የአየር እፍግታ ነው። በባሕር ወለል ላይ፣ በ15 ዲግሪ ሙቀት ያለውን እፍግታ መቶ ብንል፣ ጎሬ ላይ በ20 ዲግሪ ሙቀት 77 ገደማ ይሆናል። ጋምቤላ ዝቅ ያለች ብትሆንም በ38 ዲግሪ ቀትር 87 ገደማ ብቻ ናት። አየሩ ሲሳሳ አውሮፕላኑ ለመነሳት ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል። ሜዳው ካልረዘመ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ጭነት መቀነስ ወይም ማለዳ በቀዝቃዛው አየር መነሳት። ትንንሽ ማረፊያዎች ላይ የጠዋት በረራ የሚመረጠው አብራሪው እንቅልፍ ስለጠላ አይደለም። በትንንሽ አውሮፕላኖች ዕቃ ብቻ ሳይሆን ተሳፋሪው ራሱ ሚዛን ላይ የሚወጣበት ምክንያትም ይኸው ነው።

አምስተኛው፣ ነዳጅ። ሩቅ ማረፊያ ላይ ነዳጅ ከሌለ የመመለሻውን ይዞ መሄድ ግድ ነው። ከአዲስ አበባ ጎሬ በአየር 370 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደርሶ መልስ 740፣ ማለትም ሦስት ሰዓት ገደማ። ዲሲ-3 በሰዓት ወደ 350 ሊትር ስለሚያነድ 1050 ሊትር ይፈልጋል፤ ክብደቱ ወደ 750 ኪሎ ነው። ግማሹን፣ የመመለሻውን፣ ጎሬ ላይ መቅዳት ቢቻል በስድስት ጆንያ ቡና የሚመዝን ነዳጅ ከአዲስ አበባ ተሸክሞ መምጣት ባላስፈለገው ነበር። ደግሞ አንድ ማረፊያ በጉም ቢዘጋ ወደ ሌላ ለመዞር የሚሆን መጠባበቂያ አለ። እሱ በምንም አይነካም።

ሰማዩ ሲዘጋ

ይህ ሁሉ ስሌት የሚሠራው ግን ሜዳው ሲታይ ነው። ጎሬ ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ ዝናብ ከሚያገኙ ቦታዎች አንዷ ናት፤ በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር ይዘንብባታል። ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው እርጥብ አየር የኢሉባቦርን ግድግዳ ሲገጥም ሽቅብ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ደመና ይሆናል። ሰው መሬት ላይ ሆኖ "ጉም ወረደ" የሚለው ለአብራሪው ማረፊያው የገባበት ደመና ነው።

ትልልቅ ማረፊያዎች ላይ ደመና ውስጥ ሆኖ የሚመራ የሬዲዮ መሣሪያ አለ። በትንንሾቹ ላይ ግን አብራሪው የሚተማመነው በዓይኑ ነበር። ወንዙን፣ መንገዱን፣ የከተማውን ቆርቆሮ አይቶ ይመጣል። ሜዳው ካልታየው ዞሮ ይመለሳል። ያን ቀን ከአዲስ አበባ ጎሬ የሚፈጀው ጊዜ ስንት ነው? አንድ ሰዓት ተኩል ሄዶ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ተመልሶ፣ ነገ እንደገና። ሜዳው ሣር ከሆነ ደግሞ ዝናቡ ካቆመም በኋላ ጭቃው ጎማ ይይዛል።

ለነጋዴው ይሄ የገንዘብ ጉዳይ ነው። ለታመመ ሰው፣ ምጥ ለጠናባት እናት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጀልባው በበጋ እንደሚቀረው ሁሉ አውሮፕላኑም በክረምት ይቀራል። ሁለቱም ከወቅት አላመለጡም፤ ወቅቱን ነው የተለዋወጡት። በዚህ አገር ዓመቱን ሙሉ ክፍት የሆነ መንገድ የተገኘው አስፋልት ሲደርስ ነው። ትንንሽ ማረፊያዎች መኪና እየበዛ ሲሄድ ተሳፋሪ የሚያጡትም በዚህ የተነሳ ነው። አውሮፕላን ይፈጥናል፤ አውቶቡስ ግን ነገም ከነገ ወዲያም አለ።

ከያዮ ስናየው

አሁን ያዮ ቁሙ። ከአዲስ አበባ በበደሌ በኩል ስትመጡ ከመቱ በፊት የምታገኟት ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው ደን ቡና በዱር የሚበቅልበት ስለሆነ ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. ከዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ቦታዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል፤ ስፋቱ 167,000 ሄክታር ነው። ከአውሮፕላን ብታዩት ቡናው አይታይም። የሚታየው የትልልቅ ዛፎች አናት ብቻ ነው፤ ቡናው ከጥላቸው ሥር ነው። አብራሪ ደግሞ እንዲህ ያለ ደን ላይ ሲበር የሚያስበው አንድ ነገር አለ፤ ሞተር ቢያስቸግር ማረፊያ የሚሆን ሜዳ የለም። ትንንሽ ማረፊያዎች ቁጥራቸው ብዙ የሆነበት አንዱ ጥቅም ይሄ ነበር፤ እያንዳንዳቸው ለቀሪዎቹ መጠለያ ናቸው።

ለያዮ ሰው የበረራ ሰዓት የሚጀምረው አውሮፕላኑ ሲነሳ አይደለም፤ ከቤቱ ሲወጣ ነው። ጎሬ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነች። እዚያ በረራ ከሌለ ወደ ጅማ መውጣት ነው፣ በመኪና ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ። አምስት ሰዓት መኪና ላይ ተቀምጦ ለአንድ ሰዓት ያልሞላ በረራ መሰለፍ ማለት ነው። ብዙ ሰው ታዲያ "ከወጣሁ አይቀር በዚያው አዲስ አበባ ልግባ" ይላል፤ ትክክል ነው። ለእሱ ከበረራው ፍጥነት ይልቅ የማረፊያው ቅርበት ይበልጣል።

በቅርብ ዓመታት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ግንባታቸውን ካስጀመራቸው አዳዲስ የአገር ውስጥ ማረፊያዎች አንዱ የጎሬ-መቱ ነው። ዛሬ በአገር ውስጥ መስመር የሚበሩት ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላኖች ከዲሲ-3 እጥፍ በላይ ይፈጥናሉ፤ ከአዲስ አበባ ጋምቤላ ያለውን ወደ 475 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት በማይርቅ ጊዜ ይጨርሱታል። በምድር ግን ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ፍጥነቱ እንግዲህ ተገኝቷል። ስለ አዲስ ማረፊያ ወሬ ስትሰሙ መጠየቅ ያለባችሁ ሌላ ነው። ማኮብኮቢያው ስንት ሜትር ይረዝማል? በጉም ቀን የሚመራ መሣሪያ አለው? በሳምንት ስንት በረራ አለ? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ በሐምሌ ምን ያህል ክፍት ይሆናል?

እናንተም ሞክሩት። የራሳችሁን ከተማና የጎረቤታችሁን ማረፊያ ኬክሮስና ኬንትሮስ ፈልጉ፣ ቀንሱ፣ በ111 አባዙ፣ ካሬ ሥሩን አውጡ። የመነሻና የማረፊያ 10 ደቂቃ ጨምሩበት። ከዚያ ቤታችሁ ያሉትን አያቶች "በናንተ ጊዜ የስንት ቀን መንገድ ነበር?" ብላችሁ ጠይቋቸው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ስትጽፏቸው ወሩንም መጻፍ እንዳትረሱ።